በእናቴ ቀብር ዕለት ስለቆመው ምስል

ለኢንተርኔት አገልግሎት ድርጅቱ
የደንበኞች እንክብካቤ ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለተከበረው ቤተሰብዎ፣ እንዲሁም ስልክ ላይ አቆይተው ሙዚቃ ለሚያሰሙን ባልደረቦችዎ በሙሉ ጤናን፣ ረጅም ዕድሜንና፣ እግዚአብሔር ቢፈቅድ ደግሞ የሌላ ድርጅት ኢንተርኔትን እመኛለሁ።

በእኛ በኢሎይሎ አውራጃ አስከሬኑ ገና ቤት ውስጥ እያለ ለቅሶ ለደረሰ ሰው «አመሰግናለሁ» ማለት ነውር ነው፤ ሌላ ሞት ይጠራል ይባላል። በዚህ ምክንያት በእናቴ ሐዘን ሰሞን ድርጅትዎ ለዋለልን ውለታ የሚገባውን ምስጋና ዋጥ አድርጌ ለመቆየት ተገድጄ ነበር። አሁን እናቴ ስለተቀበረች የሚከለክለኝ የለምና ያጠራቀምሁትን በተራ በተራ አቀርባለሁ፤ ቢረዝምብዎ የሐዘንተኛ ወግ ነው ብለው ይለፉኝ።

ስሜ ዴሜትሪዮ ማግባኑዋ ይባላል፤ የከተማችን ፍርድ ቤት ጸሐፊ ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ «ክቡር ፍርድ ቤቱ» እያልሁ ስጽፍ ስለኖርሁ ደሜ ሲፈላ እንኳ አንቱ ማለት አይተወኝም። አንዲት ታናሽ እህት አለችኝ፤ ግሎሪፌ ትባላለች፤ ጅዳ ውስጥ በሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። እናታችን ናናይ ኮንሶርሲያ ስታርፍ ግሎሪፌ ኮንትራቷ ስላላለቀ አሠሪዋ ወደ አገሯ እንድትመጣ አልፈቀዱላትም፤ የፈቀዱላት በቀብሩ ዕለት ከሥራ አርፋ ስልኳ ፊት እንድትቀመጥ ነበር። ስለዚህ እናቷን የምትሰናበተው ሳሎናችን ውስጥ ባለው ኮምፒውተር በኩል ነው። ኮምፒውተሩን የገዛችልን ራሷ ናት፤ ናናይ በየእሁዱ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ ፊቱ ትቀመጥና ከልጇ ጋር ትጫወት ነበር። ቤታችንን ኮረብታ ስለሚከልለው የእጅ ስልክ ኔትወርክ አያገኘንም፤ ተስፋችን በሙሉ ግድግዳችንን በስታ በገባችው በእርስዎ ቀጭን ሽቦ ላይ ነበር።

ናናይ ባረፈች ማግስት፣ አስከሬኗ ሳሎን ገብቶ ጎረቤቱ ሁሉ ከተሰበሰበ በኋላ፣ የምንገናኝበት ገጽ አልከፈት አለ። ነጭ ገጽ ላይ አንዲት ክብ ትዞራለች፤ እንደገና ትዞራለች። እኛም እንደ ደንቡ በቤቱ መደበኛ ስልክ ወደ ድርጅትዎ ደወልን፤ ውለታውም ከዚህ ይጀምራል።

1ኛ. ስልኩን ያነሡት ባለሙያዎ መስመሩ በማን ስም እንደሆነ ጠየቁኝ፤ በእናቴ ስም መሆኑንና እሷም ማረፏን ነገርኋቸው። ሐዘናቸውን በትሕትና ከገለጹልኝ በኋላ ችግሩ ከመስመሩ ሳይሆን ከእኛው ኮምፒውተር መሆኑን አስረዱኝ፤ ብራውዘሩ አሮጌ ነገር አጠራቅሞ ከብዶታል። «ሰር፣ ያለፈውን ሁሉ አጥፉት፤ ወዲያው ቀለል ይለዋል» አሉኝ። የተጎበኙትን ገጾች ዝርዝር ስከፍት ናናይ በየማለዳው ከአልጋዋ እንደተነሣች ስታየው የኖረችውን አገኘሁ፤ የጅዳ የአየር ሁኔታ። ዛሬ ሙቀቱ ስንት ነው፣ ነገ ስንት ይሆናል፣ አቧራ አለ ወይስ የለም። ለማንም አልተናገረችም፤ እኛም ልጇ በምትኖርበት አገር ያለው ፀሐይ እንዲህ እንደሚያሳስባት አናውቅም ነበር። አንዲት ፊደል ስትነካ ኮምፒውተሩ ራሱ አውቆ ገጹን ያመጣላት ነበር። እጄን ማውሱ ላይ አድርጌ ቆየሁ፤ ከዚያ ባለሙያዎ «አጠፉት ሰር?» ሲሉኝ ጊዜያቸውን ማባከን ስለከበደኝ አጠፋሁት። ክቧም መዞሯን ቀጠለች። ያን ማስታወሻዋን እኔ በገዛ ፈቃዴ ለማጥፋት ድፍረቱ አልነበረኝም፤ ስላደፋፈራችሁኝ አመሰግናለሁ።

2ኛ. በሁለተኛው ጥሪ ላይ ያገኘኋቸው ሌላ ባለሙያ የተለየ ዕውቀት ነበራቸው። ሞደሙ ከብረትና ከመስተዋት መራቅ አለበት አሉ።

«አጠገቡ ትልቅ የብረት ዕቃ አለ ሰር?»

«አለ» አልኋቸው።

«ምንድን ነው?»

«የእናቴ የሬሳ ሣጥን።»

እጅግ በለሰለሰ ድምፅ «እሺ ሰር… ትንሽ ገፋ ማድረግ ይቻል ይሆን?» ብለው ጠየቁኝ። ስልኩ ለሁሉ እንዲሰማ ከፍ ተደርጎ ስለነበር የእናቴ ታናሽ እህት ቲያ ሴፋ ከማዕድ ቤት ማማሰያዋን ይዛ ወጣች። «ማንን ነው የሚያስገፋው? ወንድ ከሆነ ይምጣና እኔ እያየሁ ይግፋት!» አለች። ባለሙያዎ ይህን ሰምተው ከሆነ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ቲያ ሴፋ የቴክኒክ ትምህርት የላትም። ሣጥኑ ከቦታው ሳይነቃነቅ ሞደሙን አውጥተን ማዕድ ቤት ከሩዝ ማብሰያው ጎን አስቀመጥነው፤ ሩዙ በጊዜው በሰለ፤ ገጹ ግን አልተከፈተም።

3ኛ. ቀጥሎ ኤሌክትሪኩን ከግድግዳው ነቅለን እስከ ሠላሳ እንድንቆጥር ታዘዝን። የሳሎናችን ማከፋፈያ አንድ ነው፤ ኮምፒውተሩም፣ ወደ ማዕድ ቤት የዘረጋነው የሞደም ገመድም፣ በሣጥኑ ግራና ቀኝ የቆሙት መብራቶችም ከእሱው ላይ ናቸው። በእኛ ዘንድ ደግሞ በሙት ራስጌ መብራት አይጠፋም። ባለሙያዎ ይህንን ማወቅ አይጠበቅባቸውም፤ እሳቸው የሚያውቁት ሠላሳን ነው። ከብዙ ክርክር በኋላ ቲያ ሴፋ ሻማ አብርታ በሁለት እጇ ያዘችና «ንቀለው፤ ግን ቶሎ በል፤ እህቴ ጨለማ ትፈራለች» አለችኝ። እኔ ስቆጥር እሷ «ጸጋ የሞላሽ ማርያም ሆይ» ትላለች። ሰካነው። መብራቱ በራ፤ ኮምፒውተሩ ተነሣ፤ ክቧ መጣች።

4ኛ. በዚህኛው ነጥብ ድርጅትዎ እውነት ተናግሯል፤ ፍርድ ቤት የዋለ ሰው ስለሆንሁ የሌላውን ወገን እውነት አልደብቅም። «መስመሩን ስንት ሰው ነው የሚጠቀመው?» ተብለን ተጠየቅን። ለቅሶ ቤት እኮ ነው፤ ሰው ይመጣል፣ የሩዝ ገንፎውን ይበላል፣ ካርታ ይጫወታል፣ ሳይሄድም ይሰነብታል፤ ኔትወርክ በሌለበት ሠፈር ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው የዋይፋይ ቁልፉን ነው። እንግዳን ምግብ አብልቶ ዋይፋይ መንፈግ አይሆንልንም። የአክስቴ ልጅ ሮሜል መመላለሱ ሲሰለቸው ቁልፉን ካርቶን ላይ ጽፎ በር ላይ፣ ከናናይ ፎቶግራፍ ሥር ሰቅሎት ኖሯል። የመጀመሪያው ዝግታ ከዚህ የመጣ ነበር፤ አምነናል።

ካርቶኑን አወረድን፤ የነገሩን ምክንያትም ለለቀስተኛው ተናገርሁ። የልብስ ማጠቢያውን ሳፋ አዙረን ስልኮቹን አጥፍተው እንዲያኖሩ ስንለምናቸው አንድም ሰው አላንገራገረም። ካርታ ላይ እናቷንም የማትምር ጎረቤታችን ማናንግ ናርሲንግ እንኳ ስልኳን ስታስቀምጥ «ለግሎሪፌ ስል ነው እንጂ፣ በእነዚህ ሌቦች መሐል ስልክ አልተውም ነበር!» አለች፤ ቤቱ ሁሉ ሳቀ፤ በዚያ ሳምንት ከልቤ የሳቅሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሳፋው በስልክ ሞላ፤ መስመሩን የሚጠቀም ከኮምፒውተሩ በቀር ማንም አልቀረም። ክቧ ግን እንደ ቀድሞው ዞረች።

5ኛ. የቀብሩ ዕለት ጠዋት ደግሜ ስደውል አንዲት ወጣት አነሣች። ስሟን አልጽፍም፤ ከሥራዋ እንዳያባርሯት ነው። እንደ ሌሎቹ ሰር አላለችኝም፤ እንደ አገሯ ልጅ ማኖንግ፣ ታላቅ ወንድሜ፣ አለችኝ። መዝገቧን ጥቂት አገላበጠችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችኝ።

«ማኖንግ፣ መጀመሪያ ሲደውሉ ባለመስመሯ አርፋለች ብለው ነበር?»

«አዎ።»

«ያኔ ነው መስመሩን ዝቅ ያደረጉት። ባለቤቱ የሞተበት መስመር ወደ ሌላ ስም እስኪዛወር በትንሹ ፍጥነት ነው የሚቆየው።»

«ታዲያ እነዚያ ሁሉ ንቀል፣ አጥፋ፣ ግፋ ሲሉኝ የከረሙት?»

«እነሱ አይታያቸውም፤ ፊታቸው ያለውን ነው የሚያነቡት።»

«እሺ፣ አሁን አንሺልኛ! ዛሬ እኮ ነው የምንቀብራት!»

«እኔ አልችልም፣ ማኖንግ። ከዝውውሩ በፊት ማስነሣት የምትችለው ባለመስመሯ ብቻ ናት። በጣም ይቅርታ።»

ክቡር ሆይ፣ «እናቴ ሞታለች» ብዬ ባልናገር ኖሮ እህቴ እናቷን ታይ ነበር። ውሸት ለጽድቅ የምትሆንበት ቀን እንዳለ በዚህ ዕድሜዬ ያስተማራችሁኝ እናንተ ናችሁ፤ ፍርድ ቤት ለሚሠራ ሰው ይህ ቀላል ትምህርት አይደለም።

ስድስተኛውን ቁጥር አልሰጠውም፤ እንደ ቅሬታ ተቆጥሮ የሚያልቅ ነገር አይደለም።

ከቀትር በኋላ፣ ሣጥኑ ሊነሣ ሲል፣ ገጹ በራሱ ጊዜ ተከፈተ። ግሎሪፌ ታየች፤ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ራሷን በጥቁር ሻሽ አስራለች። ካሜራውን በሣጥኑ መስተዋት በኩል የናናይ ፊት ላይ ብቻ አነጣጠርንላት፤ እሷም የፈለገችው ያንን ነበር። «ማኖንግ፣ አየኋት! አየኋት!» አለች። ከዚያ «መቁጠሪያዬን ላድርስላት፤ እስክጨርስ አታንሷት፣ እባክህ» አለች። ይህን እንዳለች አፏ እንደተከፈተ ምስሉ ቆመ፤ ድምፁም ጠፋ።

ጠበቅን። ሁሉም ቆሞ ጠበቀ። ቄሱ ሌላ ቀብር ስለነበረባቸው ሰው ልከው አስጠሩን፤ ትንሽ ለመንናቸው፤ ደግመው ላኩ። በወጋችን ሣጥኑ ከቤት ሲወጣ ተሸካሚዎቹ ከፍ አድርገው ይይዙታል፤ ልጆቿ ሁሉ በሥሩ ያልፋሉ፤ ሟቿ ልጆቿን ናፍቃ አብራ እንዳትወስዳቸው ነው። እኔ አለፍሁ። ቲያ ሴፋ ግን እጇን ዘርግታ በሩን ዘጋች። «ግሎሪፌስ? እሷ ልጅ አይደለችም እንዴ? በባዕድ አገር ብቻዋን ናፍቃ እንድትወስዳት ነው?» አለች። ሮሜል ስክሪኑን ከነገመዱ ከጠረጴዛው አነሣ። ተሸካሚዎቹ ክንዳቸው እየተንቀጠቀጠ ሣጥኑን ወደ ላይ እንደያዙ፣ ምናልባት አሁን ይንቀሳቀስ ይሆናል፣ ምናልባት ማለፏን ታውቀው ይሆናል እያልን ምስሉን አየነው። አልተንቀሳቀሰም። አፏ እንደተከፈተ እህቴን በእናቷ ሥር አሳለፍናት። አለቀስሁ፤ ይህንን መጻፍ ያሳፍረኛል ብዬ ነበር፤ አላፈርሁም።

ከቀብር ስንመለስ ስክሪኑ እንደበራ ነበር። ፊቱ ቆሜ ላጠፋው እጄን ስዘረጋ የእህቴ ድምፅ መጣ። እሷ ዘንድ የናናይ ፊት ቆሞ ኖሯል፤ የሙት ፊት ደግሞ ቢቆም አያስታውቅም። ቤቱ ከባዶነቱ ጋር ቁጭ ብሎ ሳለ እሷ መቁጠሪያዋን በሙሉ አድርሳለች፤ የልቧንም ሁሉ አጫውታታለች። «ማኖንግ» አለችኝ፤ ድምጿ ዘና ያለ ነበር፤ «ጨርሻለሁ። ስለጠበቃችሁኝ እግዚአብሔር ይስጣችሁ። አሁን አንሷት።»

«እሺ» አልኋት። «አሁን እናነሣታለን።»

ለዚህች «እሺ» ላበቃኝ ድርጅትዎ፣ ለፈጣን አገልግሎቱ፣ ለማያልቀው ትሕትናውና የሟችን መብት ከሟች ልጆች ለሚጠብቅበት ጥንቃቄ፣ በራሴ፣ በቲያ ሴፋና ስልካቸውን በሳፋ ባኖሩት ጎረቤቶቼ ሁሉ ስም፣ ጎንበስ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ከምድር በታች ሳልወርድ ከመስመርዎ እንድላቀቅ በትሕትና እየለመንሁ እሰናበታለሁ።

የክቡርነትዎ ታዛዥና አዝጋሚ ደንበኛ፣
ዴሜትሪዮ ማግባኑዋ
የባለመስመሯ ልጅ

ሳልረሳው፦ ይህን ደብዳቤ ያወጣሁት በከተማችን ሳምንታዊ ጋዜጣና በቀበሌያችን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ነው። ጎረቤቶቼ «ኢንተርኔት ላይ ካልለጠፍኸው ማን ያየዋል?» ሲሉኝ መጀመሪያ ፈርቼ ነበር፤ ግሎሪፌ እስከ ዛሬ እናቷ ሳትነሣ እንደጸለየችላት ነው የምታውቀው፤ አንብባ ሌላውን እንድታውቅ አልፈልግም። ኋላ ግን ሳስበው ፍርሃቴ ለቀቀኝና ዛሬ ጠዋት ለጠፍሁት፤ የሚሄደው በእርስዎ መስመር ነውና አይደርሳትም።