በአራቱም ሳጥን ያልገባችው ዓረፍተ ነገር

ለምወድሽና ለምናፍቅሽ ለእህቴ ለየኔአለም፣ ሰላምሽ ይብዛ። ጤናሽ እንዴት ነው? ወገቧን ያማታል ብላ ፈይዛ ነግራናለች፤ ተሻለሽ ወይ? አሠሪዎችሽስ እንዴት ይዘውሻል? እኛ እንደሆነው ሆነን አለን። «ደህና ነን» ብሎ መጻፍ አስጠልቶኛል።

እታለም፣ ለእማዬ ስልክ ታነሻለሽ፤ የእኔን ድምፅ ስትሰሚ ግን ትዘጊዋለሽ። ሁለት ወር ሊሆነው ነው። ስለዚህ ፈይዛ ዕረፍቷን ጨርሳ ወደ ጅዳ ስትመለስ ይህን ወረቀት ትይዝልኛለች። አባባ በሞተ በሳምንቱ ስትደውዪ «ወደ ከላላ ከተማ፣ ገበያ ሄዷል» ያልኩሽ እኔ ነኝ። እውነቱን ግን ፈይዛ እዚያው ጅዳ ካለሽበት መጥታ እስክታረዳሽ ድረስ አልሰማሽም።

ሰሞኑን ደግሞ የእንግሊዝኛ መምህራችን መምህር ምናለ፣ ከዕለት ተዕለት እንግሊዝኛ ሃያ ተለዋጭ ዘይቤ ለቅማችሁ በአራት ሳጥን መድቡ አሉን፤ ጦርነት፣ ሕንፃ፣ ጉዞ፣ ከፍታና ዝቅታ። መካነ ሰላም ውስጥ ማን ነው በየዕለቱ እንግሊዝኛ የሚያወራው? ጓደኛዬ መለሰ «እኔ ከበሬዎቻችን እለቅማለሁ» አለ። እኔ ከሰው ቲሸርትና ከሚኒባስ መስታወት ስለቅም ሰነበትኩ። ጥሩ የተባለልኝ ግን ከአባባ መድኃኒት ካርቶን ያገኘሁት ነው። መድኃኒቱ ሕመምን «ይዋጋል» ይላል። መምህር ምናለ «ጎበዝ፣ ጦርነት ውስጥ ክተተው» አሉኝ። ጎበዝ መባሌ አናደደኝ። ተዋግቶ ምን አመጣ?

ከዚያ ጉዞ የሚለው ሳጥን ላይ ደረስን። እንግሊዞችም ሰው ሲሞት «ሄደ» ይላሉ ብለው ሰሌዳው ላይ ጻፉ። እጄን አወጣሁና፣ «ገበያ ሄዷል» ቢባልስ የት ይገባል አልኳቸው። ክፍሉ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። «ሰሚውም ተናጋሪውም እውነቱን ካወቁት ዘይቤ ነው። ተናጋሪው ብቻ ካወቀው ሳጥን የለውም፣ ውሸት ነው» አሉኝ። ደብተሬን ይዤ ወጣሁ። ከሃያ ስምንት አገኘሁ።

ውሸቱን ያስያዙኝ የእድራችን ዳኛ ጋሼ ቢሻው ናቸው። «መርዶ በስልክ አይነገርም። በሰው ቤት ብቻዋን ሰምታ ማን ያቅፋታል? የአንተን ድምፅ ታምናለች» ብለው ስልኩን እጄ ላይ አኖሩት። ለቀስተኛው ሁሉ ያየኝ ነበር። አንቺ «የበቅሎዋ እግር ዳነ?» አልሽኝ። «ድኗል፣ እሷን ይዞ ነው የሄደው» አልኩሽ። ደስ ብሎሽ ሳቅሽ። ያንን ማንም አላዘዘኝም፤ የራሴ ጭማሪ ነው። ሁሉም ለአንቺ ብለን ነው ይላሉ፤ የተኮረፍኩት ግን እኔ ብቻ ነኝ።

አሁን ያለ ምንም ዘይቤ ልንገርሽ። አባባ ነሐሴ 11 ቀን፣ እሁድ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ፣ መደቡ ላይ እንደተኛ ሞተ። እግሩ ስለበረደው እያሸሁለት ነበር። ስምሽን እየጠራ ሞተ የሚልሽ ካለ አትመኚው። መጨረሻ ላይ ያለው «በሩን ክፈቱልኝ» ነው። ከፈትንለት።

ፈይዛ ወረቀቱን መስጠቷን ስትነግረኝ እደውላለሁ። አንሺና ስደቢኝ።

እማዬ ስላንቺ ስትጸልይ ውላ ታድራለች፤ ሳምልኝ ብላሻለች። ታናሻችን ሄለን አራተኛ ክፍል ገብታለች፤ የላክሽላት ጫማ ልክ ሆኗታል። ጋሼ ቢሻው ሰላም በልልኝ ብለዋል፤ እኔ ግን አኩርፌያቸዋለሁ። በቅሎዋም አለች። እግሯ አልዳነም።

ወንድምሽ አለምነው
መካነ ሰላም፣ ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም.