በሚዛን የተመረጠው ማኒፎልድ

ጥቅምት 3

ዛሬም አሸዋ ነፋሁ። ከምሳ በኋላ፣ ጓሮ፣ ከአጥሩ ሥር። አባዬ ከወንዝ ዳር በጆንያ ያመጡትን። መጀመሪያ በሰፊው ወንፊት፣ ቀጥሎ በደቂቁ… ጠጠሩ ይጣላል፣ ዱቄቱ ይጣላል፣ ሰሊጥ የሚያህለው ብቻ ይቀራል። ለአንድ ኩንታል ሰሊጥ ሁለት ጣሳ አሸዋ። የሚቀላቅሉት አባዬ ራሳቸው ናቸው። ከመጀመራቸው በፊት ያማትባሉ። ከሁሉም የሚያስጠላኝ ማማተባቸው ነው። ሳያማትቡ ቢሠሩት ይሻል ነበር? አላውቅም።

እንጀራ ስጎርስ ጥርሴ ሥር ቀጭ አለ። ሁልጊዜ ነው። ፀጉሬ ውስጥ አለ፣ ጆሮዬ ውስጥ አለ፣ አልጋዬ ላይ አለ። ልትፋው አልኩና እማዬ አየችኝ። ዋጥኩት።

የጭነት መኪናችን ከኮኪት ሰሊጥ ጭኖ ሲገባ ያፏጫል። እንደ ማንቆርቆሪያ። ጭሱ ጥቁር። አባዬ “ናፍጣው ነው” አሉ።

ጥቅምት 4

ናፍጣው አይደለም።

ኡስታ ሙዓዝ መጣ። የሱዳን መካኒክ ነው፤ ጦርነቱን ሸሽቶ ተሻግሮ መንገድ ዳር ከዛፍ ሥር መኪና ይሠራል። ጋቢናውን አጋደለና ሞተሩን አስነሳ። የኦሞ አረፋ በጣሳ አምጭ አለኝ። አረፋውን በብሩሽ እየቀባ ሄደ፣ ሄደ… አንድ ቦታ ላይ አረፋው ወደ ውስጥ ስልብ አለ። ስንጥቅ! ማኒፎልድ ይሉታል። ከፊልትሮ የመጣውን አየር ተቀብሎ ለሞተሩ የሚያካፍል ብረት ነው። አራት ጣት ያለው እጅ ይመስላል።

አባዬ ይበየድ አሉ። ሁለት ጊዜ ተበይዷል፣ ኸላስ፣ አብቅቶለታል፣ አለ ኡስታ። ከዚያ ፈታና ጣቱን ከውስጡ አስገብቶ ለእኔ አሳየኝ። ለምን ለእኔ? ቆሜ ስለማይ ይሆናል። ጣቱ አመድማ አቧራ ሆኗል።

“ያ ቢት፣ አንች ልጅ፣ ፊልትሮ አቧራ ያስቀራል። ከፊልትሮ በኋላ የገባውን ማን ያስቀረዋል? ይሄ ሞተር አፈር እየበላ ነው። ትንሽ ከጨመረ ይሞታል።”

በሰሊጥ ወቅት መኪናው ከቆመ እስከ ከርሞ የምንበላው የለንም። አባዬ ይህን ደጋግመው ተናገሩ፣ ኡስታ ያጠፋ ይመስል።

ጥቅምት 6

ገንዳ ውሃ ከተማ ሄድን። እኔ የተወሰድኩት አሮጌውን ማኒፎልድ እንድታቀፍ ነው። ለናሙና። ቀሚሴ ዘይት በዘይት ሆነ።

መለዋወጫ ሻጩ ጀይሉ ሁለት አወጣ። አንዱ ያገለገለ፣ ከተገለበጠ መኪና የተፈታ፣ የጠቆረ። ሌላው አዲስ፣ ከነካርቶኑ፣ እንደ ብር የሚያበራ። ሁለቱም ከእኛው ጋር ልክ ናቸው፤ ቀዳዳ በቀዳዳ ለካቸው። ዋጋቸውም ብዙ አይራራቅም። ጀይሉ ያገለገለውን ውሰዱ አለ። ከመኪናው ጋር አብሮ የተወለደ ነው፣ ፀባዩን አውቀዋለሁ፤ አዲሱን ግን ገና መሸጤ ነው፣ አልምልበትም አለ።

አባዬ ያችን ፈገግታቸውን ፈገግ አሉ። ሰው ሊያታልላቸው ሲል ያወቁ ጊዜ የሚያሳዩዋትን። ሁለቱንም አነሱና ጎረቤት ካለው፣ ሰሊጣችንን ከምናስረክብበት ሚዛን ላይ አስቀመጡ! አንዱን፣ ቀጥሎ ሌላውን። አዲሱ ከበደ።

“ብረት በክብደቱ ነው” አሉ።

“ጋሽ ስንሻው፣ ይሄ እኮ ሰሊጥ አይደለም” አለ ጀይሉ። የሚዛኑ ሰዎች ሳቁ። ብዙ ሳቁ። ምን አሳቃቸው? አባዬም አብረው ሳቁ፤ ሲስቁ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፣ ምራቃቸው ይረጫል። መሬት መሬት አየሁ።

ስንመለስ፣ “ነጋዴ ይሄን ውሰጅ ካለሽ ሌላውን ውሰጅ። እኔስ ነጋዴ አይደለሁ? አውቀዋለሁ” አሉኝ። እሺ አልኩ። ለአባዬ ከእሺ ሌላ መልስ ሰጥቼ አላውቅም። ስድስተኛ ክፍልን ከጨረስሽ ይበቃሻል ሲሉኝም እሺ ነው ያልኩት።

አዲሱን ጭኔ ላይ አድርጌ መጣሁ። ስወርድ ቀሚሴ ላይ አሸዋ። አራገፍኩት። ገንዳ ውሃም ይከተለኛል እንዴ… ቀፈፈኝ።

ጥቅምት 7

ኡስታ ሙዓዝን ወባ ጥሎታል። አባዬ ራሳቸው ሊገጥሙት ነው። “ጥቂት ብሎን ለማሰር የመኪና ሐኪም አልጠብቅም” አሉ። ነገ ማጣበቂያና ጋስኬት ይገዛሉ፣ ከነገ ወዲያ ያስሩታል።

ጥቅምት 7፣ ትንሽ ቆይቶ

ያ አሸዋ የኔ አይደለም።

ቤት ስጠርግ ማኒፎልዱ ከነበረበት ወለል ላይ አገኘሁት። የእኛ አሸዋ ቀላ ያለ ነው። ይሄ ጥቁር፣ የተቃጠለ የሚሸት። ሁለት ዓመት አሸዋ የነፋሁ ሰው ይሄን ካላወቅኩ ምን አውቃለሁ? ብረቱን ገለበጥኩና በመዳፌ መታሁት። ፍስስ… እፍኝ የሚሞላ። በቀዳዳው አጮልቄ አየሁ። ከውስጥ ግድግዳው ላይ እንደ ቁስል ቅርፊት ተለጥፏል። በጥፍሬ ስፍቀው ይረግፋል። ከፊልትሮ በኋላ ነው። ማን ያስቀረዋል?

በጨርቅ ቋጥሬ አስቀመጥኩት።

ጥቅምት 8

አልተናገርኩም።

ጠዋት ልናገር ነበር። ምሳ ላይ ልናገር ነበር። አባዬ ወጡን በአምስት ጣታቸው ሲጠርጉ እያየሁ አፌ ደረቀ… ውሸት ነው። አፌ ስለደረቀ አይደለም። እውነቱን እዚህ ካልጻፍኩ የት ልጽፍ ነው?

ዝም ብል መኪናው ይሞታል። መኪናው ከሞተ የሚጫን ሰሊጥ የለም። የሚጫን ሰሊጥ ከሌለ የሚነፋ አሸዋ የለም። ይሄን ሳስብ ደስ አለኝ። ሆዴ ውስጥ ሙቅ ነገር እስኪሰማኝ ደስ አለኝ።

እማዬ ምን ትበላለች? እኔስ? ይሄን ከደስታው በኋላ ነው ያሰብኩት። በኋላ!

አባዬን እጸየፋለሁ እላለሁ። እኔስ ከማን ተወለድኩ?

ጥቅምት 9

ጠዋት አለምነሽ መጣች። ከሰፈራችን ጫፍ የምትኖረው፣ ሰሊጥ የሚያጭዱ ሰዎች የጣሉትን እየቃረመች የምታጠራቅም። ግማሽ ጆንያ አመጣች። አንድ በአንድ በእጇ የለቀመችው ይመስላል፣ ነጭ፣ እንጨት እንኳ የለበትም። አባዬ እፍኝ አንስተው አዩና የተቀላቀለ ነገር አለው ብለው ዋጋ ቀነሱባት። እሷ አልተከራከረችም። ወደ እኔ ዞራ “ልጄ፣ እስቲ አንች እይው፣ ምን አለው?” አለችኝ። ጆንያዋን ወደ ጥግ ጎተትኩ። ገንዘቧን ተቀብላ ሄደች። ገና ከአጥሩ ሳትርቅ አባዬ አማትበው ጣሳውን አነሱ።

ጓሮ ሄጄ ወንፊቱን በእግሬ ገለበጥኩት።

ስመለስ አባዬ ሞተሩ ላይ ጎንበስ ብለዋል። ጋቢናው ተጋድሏል። የድሮው ቦታ ተጠርጎ፣ ማጣበቂያው ተቀብቶ ተዘጋጅቷል። “ያን ብረት አምጭ” አሉ፣ እጃቸውን ወደ ኋላ ዘርግተው፣ ሳያዩኝ። ብረቱንና የቋጠርኩትን ጨርቅ አምጥቼ ታቅፌ ቆምኩ። እጃቸው ተዘርግቶ ቀረ። ጥቁር፣ ዘይታም እጅ።

“አንች! አትሰሚም?”

“አልሰጥም” አልኩ።

ድምፄ የሌላ ሰው ይመስላል። ዞሩ። ጨርቁን ፈትቼ አሸዋውን ሰፌድ ላይ አፈሰስኩት። ብረቱንም ገልብጬ መታሁት፤ አሁንም ፈሰሰ። ከውስጡ ነው፣ ሞተሩ ሊበላው ነው፣ አልኳቸው። ይሄን ያህል ቃል በአንድ ጊዜ ለአባዬ ተናግሬ አላውቅም።

ቆንጥረው አዩት። ሰሊጥ እንደሚፈትኑት ጥርሳቸው መሀል አስገቡ። ቀጭ አለ፤ ከቆምኩበት ሰማሁት። ተፉ።

“አሸዋ! አሸዋ በብረት ዋጋ ሸጠልኝ? ሰው እንዴት እግዜርን ሳይፈራ አሸዋ ይሸጣል?”

አልቀለዱም። የምራቸውን ነው። ከጀርባቸው የአለምነሽ ጆንያ ቆሟል፣ ጣሳው ከላዩ ላይ አለ። እማዬ ከማድ ቤቱ በር ላይ ነበረች። አፏን በነጠላዋ ያዘች። ያለቀሰች መሰለኝ… ትስቃለች። ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ትስቃለች። እማዬ ስትስቅ ካየሁ ስንት ጊዜዬ ነው? አባዬ ምን እንዳሳቃት አልገባቸውም። ይሄ ነው የባሰ የቀፈፈኝ። አልገባቸውም።

ጥቅምት 10

ጀይሉ ጋ ሄድን። አባዬ አሸዋውን ባንኮኒው ላይ ደፉት። ሰው እንዲሰማ ጮኹ። ሌባ አሉት። ጀይሉ አልተቆጣም፤ ካርቶኑን እኔም በእናንተ ፊት ነው የከፈትኩት፣ ያገለገለውን ውሰዱ ብያችሁም ነበር አለ። ጥቁሩን አውጥቶ አስቀመጠላቸው፣ የገንዘቡንም ልዩነት መለሰ። እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት። አባዬ ግን የሰው ዓይን ሲያዩ ባሰባቸው። አሸዋውን እየዘገኑ ለአላፊ አግዳሚው ያሳያሉ።

የሚዛኑ ሰውዬ ከተቀመጠበት ሳይነሳ፣ ድምፁንም ሳያነሳ ተናገረ።

“ጋሽ ስንሻው፣ በእርስዎ ጆንያ እኛ በየኩንታሉ ሦስት ኪሎ የአሸዋ እየቀነስን ነው የምንመዝነው። ሁለት ዓመታችን። አንድ ቀን ጮኸንብዎት እናውቃለን?”

ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻል ነበር። አባዬ እፍኛቸውን እንደጨበጡ ቆሙ፤ አሸዋው በጣቶቻቸው መሀል ሲፈስ አየሁ።

ሦስት ኪሎ… ሁለት ጣሳ ስንት ይመዝናል? ሦስት ኪሎ። ያስገባነውን ያህል ሲያስቀሩ ኖረዋል። ማንንም አላታለልንም። አንድ ሳንቲም አላተረፍንም። የዓለሙ ሁሉ ሰው ያውቃል፤ የተታለለችው አለምነሽ ብቻ ናት። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ጓሮ ተደብቄ ፀሐይ አናቴን እየመታኝ የነፋሁት ለምንም ነው። ለጥርሴ።

ባጃጅ ውስጥ ያገለገለው ብረት ጭኔ ላይ። ቆሻሻ ነው፣ ዘይት ይሸታል። ገልብጬ መታሁት። ምንም አልወጣም።

ጥቅምት 14

ኡስታ ሙዓዝ ተሻለው። ከስቷል፣ ዓይኑ ቢጫ ነው። ከመግጠሙ በፊት ውስጡን በናፍጣ ሦስቴ አጠበ። የአዲሱን ነገር ነገርኩት። እኔ! ብረት ቀልጦ የሚፈስሰው ከአሸዋ በተሠራ ቅርጽ ውስጥ ነው፣ ሠሪዎቹ ሲያልቅ ማጽዳት ነበረባቸው፣ ችኩሎች፣ አለ። “ብትገጥሙት ኖሮ መኪናው ኮኪት አይደርስም ነበር” አለና “ያ ቢት፣ ማን አየው?” ብሎ ጠየቀ። አባዬ መሬት እያዩ “እሷ ናት” አሉ።

መኪናው ተነሳ። አያፏጭም።

እኩለ ቀን ላይ አባዬ ጓሮ ሆነው ተጣሩ። ወንፊቱን አምጭ አሉ። ከዚያ ሁሉ በኋላ! ሰዎቹ ለማንኛውም ይቀንሱብኛል፣ ካላስገባሁ እከስራለሁ አሉ፤ ሒሳቡን ቁጭ ብለው አስበውታል። ወንፊቱን አምጥቼ እግራቸው ሥር አኖርኩት።

“አልነፋም” አልኩ።

ይመቱኛል ብዬ ጠበቅኩ። እጃቸው አልተነሳም። አዩኝ፣ እንደዚያ እንደ ጥቁሩ ብረት፣ ስንት እንደምከብድ ሊመዝኑ የፈለጉ ይመስል። ከዚያ ራሳቸው ተቀመጡ። አማተቡ። አያውቁበትም፤ ነፋሱን ፊት ለፊት አድርገው ነው የተቀመጡት። ዓይናቸው ውስጥ ገባ፣ ሳሉ፣ ተፉ፣ ደግሞ ጀመሩ።

አላገዝኳቸውም። ነገ አለምነሽ ጋ ሄጄ ሰሊጧ ምንም አልነበረበትም እላታለሁ።

ገብቼ ተጣጠብኩ፣ ፀጉሬንም። እማዬ ምሳ አቀረበችልኝ። ከጓሮ የአባዬ ሳል ይሰማል። ጎረስኩና ቀስ ብዬ አላመጥኩ፣ እየጠበቅኩ…

ቀጭ አላለም።