የፈንታሁን ዓይንና የአንተ «አየሁ»

አባየ፣

ካንተ ከተለየን ሦስተኛው የሲግድ በዓል አለፈ። በሰው ፊት አንቱ፣ ቤት ውስጥ ግን አንተ እንድልህ ያስለመድከኝ ራስህ ነህና አሁንም እንደ ቤታችን ነው የምጽፍልህ። ተቆጥቻለሁ። ስትቆጣ አትጻፍ፣ መጀመሪያ ይብረድልህ ትለኝ ነበር። እስኪበርድልኝ ብጠብቅ ግን ይህን ደብዳቤ መቼም አልጽፈውም።

በቤቱ ወሬ ልጀምር። ቂርያት ማላኪ ያለው ቤትህ ውስጥ አሁን ወንድሜ ፈንታሁን ከነቤተሰቡ ገብቷል። በረንዳውን በመስታወት ዘግቶ ለልጆቹ መኝታ አደረገው። ከሕንጻው ሥር ያለው አግዳሚ ወንበር አለ፣ የሚቀመጡበት ሽማግሌዎች ግን ተመናመኑ። የቀሩት እንደ ድሮው ይከራከራሉ፤ እንዳንተ ያለ ዳኛ ስለሌላቸው ክርክሩ አያልቅም። እኔ እዚያው ገዴራ ነኝ። ያቭኔ ፋብሪካው ውስጥ ሚዛኑና መለኪያው ሁሉ ትክክል መሆኑን እየፈተሽኩ እንጀራዬን እበላለሁ። «ዩኒቨርሲቲ ተምሮ ሚዛን የሚመዝን» እያልክ ስታሾፍብኝ የነበረው ቀረብኝ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። የሚጥለው በሽታ ፈንታሁን ላይ ተመለሰ። መድኃኒቱ ለብዙ ዓመት ይዞለት እንደነበረ ታውቃለህ፤ በዚያ ተማምነን መንጃ ፈቃድ አወጣ፣ ቤኤር ቱቪያ መጋዘኑ ውስጥም እቃ ማንሻውን፣ ማልጌዛውን፣ ይነዳ ነበር። አንተን ከቀበርን በኋላ በነበረው ክረምት ሥራ ቦታው ላይ ወደቀ። መኪናው ቆሞ ስለነበር ሰው አልተጎዳም፤ ፈቃዱ ግን በዚያው ሳምንት ታገደ። መድኃኒት ቢቀያየርለትም በሽታው እንቢ አለ። በመጨረሻ ሐኪሞቹ በሽታው የሚነሳበትን ቦታ፣ ከግራ ጆሮው በላይ፣ ጭንቅላቱን ከፍተው ቆርጠው አወጡት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከዚያ ወዲህ ጥሎት አያውቅም። ዝናሽ፣ ሚስቱ፣ አሁን ሌሊቱን ሙሉ ትተኛለች።

ነገር ግን ከዓይን የሚመጣው የእይታ መስመር በዚያው ስፍራ ስለሚያልፍ ከቀኝ በላይ በኩል ካለው እይታው ሊጎድልበት እንደሚችል ሐኪሙ አስቀድሞ ነግሮን ነበር። ጎደለበትም። ምን ያህል? መንጃ ፈቃዱ የሚመለሰው ወይም የሚቀረው በዚህ መልስ ነበር። ፈቃዱ ደግሞ ለፈንታሁን ምን እንደሆነ አንተን ማስረዳት የለብኝም። በየዓርቡ እኔ ጋ ገዴራ የሚያመጣህ እሱ ነበር፤ አንተ ከጎኑ ተቀምጠህ መንገዱን ሁሉ «ቀስ በል፣ ማን ያባርርሃል» ስትለው። «ሌላ ሰው ሲነዳ ያመኛል፣ በእሱ መኪና ግን እንቅልፍ ይወስደኛል» ብለህ ታሞግሰው ነበር።

እይታውን ወደሚለኩበት ክፍል አብሬው ገባሁ። መለኪያው እንደ ትልቅ ነጭ ጎድጓዳ ሳህን ያለ ነገር ነው። አገጭህን ታስደግፋለህ፣ አንዱ ዓይንህ ይሸፈናል፣ መሃል ላይ ያለችውን ነጥብ ብቻ ትኩር ብለህ ታያለህ። ከዚያ እዚህም እዚያም ትንንሽ ብርሃን ብልጭ ይላል። ስታይ እጅህ ላይ ያለውን ቁልፍ ትጫናለህ። ሴትዮዋ በዕብራይስጥ ያስረዳችው ይህንኑ ብቻ ነው፤ «ስታይ ተጫን»፣ «ቤሰደር?» እሺ? ስትለው «ቤሰደር» አላት።

ውጤቱ ሲወጣ የቀኙ ወገን ከላይ እስከ ታች ጠቁሯል። ግራው፣ ምንም ያልተነካው ግራው እንኳ እዚህም እዚያም ጠቆር ጠቆር ብሏል። ሐኪሙ ራሱ ግራ ገባው፤ ይህ ቀዶ ጥገና ከላይኛው ማዕዘን ይወስዳል እንጂ ይህን ሁሉ አይወስድም አለ። ሴትዮዋ ደግሞ ትከሻዋን ነቅንቃ እንቅልፉ መጥቶ ነው፣ ወይም አልተባበረም አለች። እዚያው ጮህኩባት። ወንድሜ አገጩ እስኪደነዝዝ ድንጋይ ሆኖ ተቀምጦ አይቼዋለሁ።

መኪና ውስጥ ጠየቅሁት። ያየሁትን ሁሉ ተጫንኩ አለኝ። ደብዘዝ ያለውንስ? ስለው ዞሮ አየኝና «ያየሁት የመሰለኝን ነው የምትለው? እሱንማ እንዴት ብዬ እጫናለሁ፤ መሰለኝ ነዋ!» አለኝ።

አባየ፣ ያን ጊዜ አንተ መጣህብኝ። አግዳሚ ወንበርህ ላይ፣ የተቧጨረችው መኪና ጉዳይ ሲታይ። ባለመኪናው እያለቀሰ፣ ተከሳሹ እየማለ፣ ምስክሩ ጎረቤታችን ደግሞ ነገሩን አሳምሮ ሲተርክ ቆየና አንተ አንዲት ጥያቄ ጠየቅኸው። አየህ ወይስ መሰለህ? መሰለኝ አለ። በቃ ተቀመጥ፣ አልከው። እንዴት እንደሳቅን! ምስክሩ ጭምር ሳቀ። ባንተ ሸንጎ «አየሁ» መሐላ ነበር፤ «መሰለኝ» ወሬ ነበር። እኔ ሳቄን ይዤ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ፈንታሁን ግን ሕጉን ይዞ ሄደ፤ ያቺ ነጭ ሳህን ውስጥም ይዞት ገባ።

ማሽኑ ግን ሽማግሌ አይደለም። የሚፈልገው የእይታህን ጠርዝ ነው፤ ስለዚህ ብርሃኑን እያደበዘዘ እያደበዘዘ እስኪያመልጥህ ይወስድሃል። የሚለካው ነገር ያ «መሰለኝ» ራሱ ነው። «መሰለኝ»ን የጣለ ሰው ዓይኑን ጥሎ ወጣ ማለት ነው። ይህን ለፈንታሁን ለማስረዳት የወጥ ቤቱን ሚዛን ሳይቀር አውጥቼ ስኳር ፍሬ በፍሬ እየጨመርኩ በስንተኛዋ ላይ መርፌው እንደሚነቃነቅ አሳየሁት። እየሳቀ «አባየ ቢሰማህ ኖሮ!» አለኝ። ዝናሽ ገባችበት፤ ስለ ልጆችህ ስትል ተጫን አለችው። በመጨረሻ «ቤሰደር፣ የመሰለኝንም እጫናለሁ፤ ኃጢአቱ ባንተ ላይ ነው» ብሎኝ ተነሳ።

በሁለተኛው ቀጠሮ ቁልፉን እየተጫነ፣ እየተጫነ፣ እኔ ከኋላ ቆሜ ደስ እያለኝ ነበር። ማሽኑ አንዳንዴ ብርሃን ሳያበራ ያበራ ያህል ድምፅ እንደሚያሰማ፣ ያን የሚያደርገውም ዝም ብሎ የሚጫነውን ሰው ለመለየት እንደሆነ፣ ማንም አልነገረን። ፈንታሁን ድምፁን ሲሰማ ያየ ይመስለዋል፤ መሰለኝን ተጫን ተብሏል፤ ይጫናል። ሴትዮዋ ወረቀቱን አየችና ይህ አይሆንም አለች። ለእኔ ነው የተናገረችው፤ እሱ እንደማይሰማ አድርጋ። ያላየውን አየሁ ይላል፣ አለች።

አባየ፣ አንተ የወንድሜን ፊት እንድታይ አልፈልግም ነበር። ጃኬቱን አነሳና ወጣ።

ሐኪሙ ይህ በሁሉም ሰው ይደርሳል፣ ደጋግሞ መለካት ነውር የለውም አለን። ሦስተኛ ጊዜ እንዲለካ ዝናሽ ፈንታሁንን ለመነችው። እኔም ለመንኩት፤ እኔ መለመን እንደማላውቅበት ታውቃለህ። እሱ አንድ መልስ ብቻ ነው ያለው፤ «የመጀመሪያው የኔ ነው። እሱን ይውሰዱ።» ወሰዱት። ግማሹ ጨለማ የሆነ ሰው ማልጌዛም መኪናም አይነዳም፤ ፈቃዱ ቀረ። አሁን በዚያው መጋዘን የማሸጊያ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ እሱ ሲነዳት የነበረችውን ሌላ ሰው እየነዳ በአጠገቡ ያልፋል።

የተቆጣሁት በሴትዮዋ ነው፤ ከሚበሩት መብራቶች ብዙዎቹ እንዳይታዩ ተብለው የተሠሩ መሆናቸውን አፏን ከፍታ አንዴ ብትናገር ኖሮ! በራሴም ተቆጥቻለሁ። ባንተም፣ አባየ። ሰው ሁሉ ፊትህ ቆሞ እውነቱን እንዲናገር ያደረግህበት ያ ጥያቄ ልጅህን ከመሪው ላይ አወረደው። ደግሞም እውነተኛው ጉድለት ምን ያህል እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅንም። የወጥ ቤቱ ቁም ሣጥን በቀኝ በኩል ክፍት ሆኖ ከቀረ ግንባሩን ይመታዋል። ልጁ ከላይ የሚወረውርለትን ኳስ አይቀልብም፤ መሬት ለመሬት የመጣለትን ግን አይስተውም። እኔ ያለኝ ይህ ነው። እንደኔ ዕድሜ ልኩን ነገር ሲለካ ለኖረ ሰው ይህ ምንም ነው።

ምናልባት አንድ ቃል ካንተ ቢመጣ ሦስተኛ ጊዜ ይቀመጥ ነበር። የእኔን ቃል ሞክሮ አየው። ያንተን የሚተካ የለም።

ደጉ አባቴ ብዬ ብቻ አላስታውስህም። ልጆቹ ሲጠይቁኝ አያታችሁ ፊቱ ቆሞ መዋሸት የማይቻል ሰው ነበር እላቸዋለሁ፤ ይህ ለአባታችሁ ከባድ ሆነበት ብዬም እጨምርላቸዋለሁ። አንዱን ትቼ አንዱን ብናገር አንተም አትወድልኝም።

አሁን ዓርብ ዓርብ የምነዳው እኔ ነኝ። ፈንታሁን ከጎኔ ይቀመጣል። አንተ ያረፍክበት የመቃብር ስፍራ ከመንገዱ በቀኝ ነው። የጥዶቹ ጫፍ ሳይታየው እንዳያልፍ አስቀድሞ አንገቱን ሙሉ በሙሉ ያዞራል፤ እስክናልፍ አይመልሰውም። እኔም እዚያ ጋ ስደርስ ፍጥነቴን እቀንሳለሁ። ከኋላ ያሉት መኪኖች በጥሩምባ ቢያንባርቁብኝም እቀንሳለሁ። እኔ እስከነዳሁ ድረስ ሁልጊዜ እንዲሁ አደርጋለሁ።

ልጅህ