የአባባ ቀይ ሥር

ቦንጋ፣ ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፺፱ ዓ.ም.

ለውድ ወንድም ጋሼ ማዕረግ፤

ከማንኪራ ጫካ የሰፋ ሰላምታዬ ጅማ ድረስ ይድረስህ። እኔና እማዬ ደህና ነን፤ ንቦቹም ደህና ናቸው።

የላክህልኝን የሕክምና መጽሐፍ ሦስቴ አነበብኩት። ለተማሪዎቼ ኢንሱሊን ስኳርን ወደ ሴል የሚያስገባ ቁልፍ ነው ብዬ ነበር የማስተምረው። መጽሐፉ ግን ሴልን «እደግ፣ ተባዛ» ብሎም ያዛል ይላል። ታዲያ የስኳር ሕመምተኛ ሰውነት ለኢንሱሊን አልታዘዝ ሲል፣ ቆሽትም ለዓመታት አብዝቶ ሲያመርት፣ ትእዛዙን የአንጀት ግድግዳም ይሰማል ማለት ነው? ስኳርና የአንጀት ካንሰር የሚዛመዱት በዚህ በኩል ይሆን? ተማሪ ጠየቀኝ ልልህ ነበር፤ የጠየቅኩት ግን እኔው ነኝ።

ቅዳሜ ማንኪራ ቤታችን ሄጄ ነበር። አባባ ስኳር ከተገኘባቸው ወዲህ የገዛ ቀፏቸውን ማር አይቀምሱም፤ በማሽተት ብቻ ጥሩውን ይለያሉ። ቀበቷቸው ላይ ሁለት አዲስ ቀዳዳ በስተዋል። «ማር ስለተውኩ ነው የቀጠንኩት» ይላሉ። ሐኪም ቤት እንሂድ ስላቸው፣ የቡና ለቀማው ይለቅ አሉኝ።

እማዬ የውስጥ ልብሳቸውን ስታጥብ ያየችውን ቀይ ነገር ጠየቀቻቸው። «ቀይ ሥር በልቼ ነው» ብለው ወደ ቀፏቸው ሄዱ።

አንተ ሐኪም ልትሆን ነውና ንገረኝ፤ ቀይ ሥር ሆድ ውስጥ ስንት ቀን ይቆያል? እኛ ቤት ቀይ ሥር ለመጨረሻ ጊዜ የተበላው ለፋሲካ ነው።

መልሱን በፖስታ አትላከው፤ ራስህ ይዘኸው ና። እስክትመጣ እግዚአብሔር ይጠብቅህ።

እህትህ በዛወርቅ