የመቅሠፍት ትምህርት በሻአሪያ

እሑድ፣ ሚያዝያ 5፣ 1978። ማታ

ዛሬም እንቁራሪት፣ እዚህ እስራኤል፣ ሻአሪያ ሰፈራችን ክፍል ውስጥ። መ/ር ሐኖክ ከካርቶን የተቆረጠች አረንጓዴ እንቁራሪት ሰሌዳው ላይ ለጠፈ፣ አጨበጨበ፣ ስሟን በዕብራይስጥ ጮኸ። ሴቶቹ ደገሙለት። የልጅ ልጅ ያዩ፣ የሱዳንን በረሃ በእግራቸው ያቋረጡ ሴቶች እንደ ሕፃን ሲንጫጩ! እኔ ጎኑ ቆሜ አስተረጉማለሁ። ኪርያት ማታሎን ከምሠራበት ስፌት ፋብሪካ በቀጥታ መጥቼ፣ ክር ቀሚሴ ላይ እንደተጣበቀ። የፈርዖንን መቅሠፍቶች የሚያስጠኑን ለፋሲካ እንድንዘጋጅ ነው ይላሉ። ከሙሴ ጋር ሊያስተዋውቁን! ኦሪት በግዕዝ ሲነበብ ቆመን ያደግን ሰዎች።

ስማኝ ደብተሬ፣ አንተ እንኳ ስማኝ። ይኼ ሰው ጮክ ብሎ ካወራ ዕብራይስጡ አማርኛ የሚሆንለት ይመስለዋል።

እማዬ ከኋላ ወንበር። አልደገመችም። ዛሬም ጾም ናት።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 7። ጠዋት

ከእማዬ ጋር ከክሊኒክ ተመለስን። ደሟ አንሷል። ሐኪሟ ትብላ አለች፣ ተረጎምኩላት፣ እማዬ በእሺታ አንገቷን ነቀነቀች። ቤት ስንገባ ሳህኑን ገፋችው። ኮከብ ሳይወጣ አልቀምስም አለች። ሰኞና ሐሙስ ብትጾም ወጋችን ነው፣ አልከራከርም። ይኼ ግን በየቀኑ ነው። የጀመራት የመቅሠፍቱ ትምህርት ሲጀመር ነው። መ/ር ሐኖክ ያኔ ምን አለ? መቅሠፍት አድራሻ አለው፣ ፈጣሪ ያለ ጥፋት አይመታም። ለሴቶቹ ያደረስኩት እኔ ነኝ። በገዛ አፌ።

ያው ቀን፣ ማታ

ነገረችኝ።

ሱዳን መጠለያው ውስጥ ቤተ እስራኤል መሆናቸው እንዳይታወቅ ይደበቁ ነበር። ሰንበት ጢስ የማይወጣበትን ድንኳን አይተው የሚጠቁሙ ጎረቤቶች ነበሩ። እናቴ፣ ዕድሜዋን ሙሉ በሰንበት ክብሪት ነክታ የማታውቅ ሴት፣ ቅዳሜ ጠዋት እሳት አነደደች። ገንፎ አገነፋች፣ ሰው እንዲያይላት ውጭ ተቀምጣ። በዚያው ሰሞን ታናሽ እህቴን ስንዱን ኩፍኝ ወሰዳት። እኔ ቀድሜ እዚህ ገብቼ ነበር፤ የሰማሁት መሞቷን ብቻ ነው። እሳቱን ዛሬ ሰማሁ።

አሁን መምህሩ ሲናገር ገባኝ ትላለች። በእጄ ነው የገደልኳት ትላለች። ለፋሲካም ማዕድ አልቀርብም፣ የሰንበትን እሳት ያነደደች ሴት ቂጣውን አትነካም። በዚህ ጾም ከቀጠለች በዓሉን የምትውለው ሆስፒታል ነው።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 9

ሥራ ቀረሁ። አሞኛል አልኩ። መጽሐፍ ቅዱሱን ዘርግቼ ዋልኩ፣ ሌሊቱን ንዴቴ አላስተኛኝም።

እስቲ አድራሻውን እንይ። ፈርዖን ልቡን አደነደነ፤ ያደነደነውስ ማን ነው? ተጽፏል እኮ፣ ራሱ ፈጣሪ ነው! ዳዊት ሕዝቡን ቆጠረ፤ በቸነፈር ያለቀው ግን ሕዝቡ። ዳዊት ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ደህና ነው። ይኼ ነው አድራሻ? ፖስታ ቤቱ ሰክሯል።

ጎንደር ሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ ክርስቲያኖቹም ያንኑ ያስጠኑን ነበር። የዮሐንስ ራእይ፣ ሰባት መላእክት ሰባት ጽዋ ይዘው፣ ቁስል፣ ደም፣ በረዶ። አስተማሪያችን ሲያነብልን ደስታው ፊቱ ላይ ያስታውቅ ነበር፤ ጽዋው የሚፈሰው ሌላው ላይ ነዋ። መንደራችንም እንደዚያው። የጎረቤት ከብት ከሞተ ፈላሾቹ ናቸው፣ ቡዳዎቹ በሉት። እዚያ የሰው መቅሠፍት በእኛ ጥፋት ነበር። እዚህ ደግሞ የራሳችን መቅሠፍት በእኛ ጥፋት ሆነ። ምን ያህል ኃያላን ነን እናንተዬ!

ግንብ ተንዶ ስለገደላቸው ሰዎች፣ ከሌሎቹ ይልቅ ኃጢአተኞች ነበሩን ብሎ ጠይቆ አይደለም ያለ አንድ ሰው አለ። ወንጌል ውስጥ ነው። ስሙን ክፍል ውስጥ ብጠራ በመስኮት ይወረውሩኛል።

እሑድ፣ ሚያዝያ 12። ማታ

እማዬ እጇን አወጣች። ለመጀመሪያ ጊዜ።

የበኵሮቹ ሞት ላይ ነበርን። ኦሪቱ ከወፍጮ ኋላ ያለችውንም ገረድ ይላል፣ የሷ ልጅ ምን አደረገ አለች። ስትጠይቅ እጇ ጉልበቷ ላይ መጅ እንደሚገፋ ሰው ወደፊት ወደኋላ ይላል። አስተላለፍኩ። መ/ር ሐኖክ ዝግጁ ነበር፦ ገረዶቹም በእስራኤል መከራ ይደሰቱ ነበር። አቤት አዋቂነት! ገብቶ አይቷቸዋል። እማዬ አላመነችም። ስትፈጭ የምትውል ሴት በሰው መከራ የምትደሰትበት ምን ፋታ አላት አለች።

ከዚያ የራሷን ጠየቀች። እሳቱን፣ ስንዱን። ይኼንንም አስተላለፍኩ።

መ/ር ሐኖክ ጺሙን አሻሸ። ሰንበት ከባድ ነገር ነው አለ። እኛ አናውቅም፣ ግን ከሰማይ በከንቱ የሚወርድ የለም። ይኼን እንድተረጉም ጠበቀኝ። እኔም ቀጥ ብዬ፣ ኃጢአት የለብሽም ይላል አልኳት።

እማዬ እኔን አላየችም። እሱን ነው ያየችው፣ ረጅም ጊዜ።

"እንዲህ አላለም፣ ልጄ። ፊቱን አይቸዋለሁ።"



ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 14። ማታ

የመጨረሻው ክፍል። መ/ር ሐኖክ የፋሲካውን ማዕድ የወይን ሥርዓት ያሳያል፣ በየመቅሠፍቱ ስም ጣት ነክሮ ጠብ ማድረግ። ግብፃውያን ስለሞቱ ደስታችን ሙሉ አይደለም ማለት ነው። ለግብፃውያን ያዝናል። ደግ ሰው!

አላስተረጎምኩም። ወደ ሴቶቹ ዞርኩ። ሱዳን ሳላችሁ በሰንበት እሳት ያነደዳችሁ፣ እጃችሁን አውጡ አልኳቸው።

 መጀመሪያ ወ/ሮ ጥሩነሽ አወጣች፣ ከእኛ በላይ ፎቅ ያለችው፣ ልጆቿ ሁሉ በሰላም የገቡላት። ከዚያ የቄሳችን ሚስት፣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጎትታ። ከዚያ ሁሉም። አንድም ሴት አልቀረችም። ልጅ የቀበረችም፣ ያልቀበረችም። እማዬ ዞር ዞር ብላ እያንዳንዷን አየች። የሷ እጅ መጨረሻ ወጣ።

መ/ር ሐኖክ በዕብራይስጥ ምን ሆኑ አለኝ። በሰደር፣ ሁሉ ደህና ነው፣ ቀጥል አልኩት። ጣቱ ወይን ውስጥ እንዳለች።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 15። ከሰዓት በኋላ

ጠዋት በላች! እንቁላልና ድንች፣ ሳህኑ እስኪያልቅ። እኔም ኮራሁ። ያን ሁሉ ጺም በአንድ ጥያቄ አሸነፍኩ ብዬ ወጥ ቤት ውስጥ ለብቻዬ ሳቅኩ።

አሁን ለማታው ማዕድ ጸጉሯን እየሠራሁላት ነበር። ትመጪያለሽ አይደል አልኳት። እመጣለሁ አለች።  ጉንጉኑን ስጀምር፦

"ሁሉም ካነደዱ፣ የኔዋ ለምን?"

እጄ ጸጉሯ ላይ ቀረ። ጥፋቱ የኔ ሲሆን ቢያንስ ምክንያቱን አውቀው ነበር አለች። ሳትቆጣ። እየጠበቀችኝ፣ መልስ እንዳለኝ አምና። እኔ የመምህሩን መልስ ቀማኋት፣ በቦታው የምሰጣት ግን የለኝም። ስንት ቀን በሰው መልስ እያላገጥኩ ከረምኩ። አፍሬያለሁ።

አላውቅም እማዬ አልኳት። እሺ አለች። ጉንጉኑን ጨርሺው አለች።

የጋራው ማዕድ በሚቀርብበት አዳራሽ ዛሬ ማታ እንዳስተረጉም ተመዝግቤያለሁ። አላስተረጉምም፣ ሌላ ይፈልጉ። ከጎኗ እቀመጣለሁ። የስንዱ ስም ሲመጣባት ዝም ብዬ እሰማለሁ፣ ካለቀሰች አብሬ

እየጠራችኝ ነው፣ ነጠላዋን ላቀብላት።