የኤልሮኢ ምስክርነት

ይድረስ ለእትዬ እታገኘሁ፤ የጤና ጣቢያው ሥራና የአቦምሳ ሙቀት እንዴት ይዘውሻል? እኛም አሰላ በጌታ ቸርነት አለን።

አስናቀ ባጃጁ ላይ የተሳፈረ በሽተኛ ሳይጸልይለት አያወርድም። ጎባጣዋ ጎረቤታችን ቀና ብላ ስትሄድ በዓይኔ አይቻለሁ። እሑድ ደግሞ ኤልሮኢያችን ከስኳር በሽታዋ መፈወሷን በጉባኤው ፊት መሰከረች፤ አባቷ አስናቀም ኢንሱሊኗን መድረክ ላይ ለፓስተሩ አስረከበ። «ከመሰከርን ወዲያ መርፌ መውጋት እግዚአብሔርን ውሸታም ማድረግ ነው» ይላል፤ እኔም አሜን ብያለሁ።

ውሃ ትወዳለች፤ ጆጉን ጨርሳ ድገሚኝ ትላለች። የላክሽው ሙዝ ካለቀ ሰነበተ፣ ትንፋሿ ግን ሙዝ ሙዝ ይሸታል። ዛሬ ከትምህርት ቤት ቀርታ ተኝታለች።

ስልኬን አስናቀ ስለያዘው ነው ደብዳቤውን በሾፌር የላክሁት። ናፍቀሻታልና ነገ ነይ። ጌታ መንገድሽን ያሳጥርልሽ። የሥራ ቦርሳሽን አትርሺ፤ አስናቀ ከጠየቀሽ ልብስ ነው በይው።

ታናሽሽ ብርሃነሽ