የስብሰባውን ሊንክ ያሰራጨሁት እኔ መሆኔ እንዲታወቅልኝ ስለ መጠየቅ

ለተከበሩ የድርጅታችን የመረጃ ደህንነት ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤንነትዎ፣ ቀኑን ሙሉ ስክሪን ላይ ተተክለው ለሚውሉት ዓይኖችዎ፣ እንዲሁም የእኔን ቢጤ ሠራተኛ ለቻለው ትከሻዎ ያለኝን ጥልቅ አክብሮትና መልካም ምኞት አቀርባለሁ። እኔም ወገቤን የሚጠይቅ ካልመጣ በቀር ደህና ነኝ።

የምጽፍልዎ እዚህ ግባ በማይባል ጉዳይ ነው። ባለፈው ሰኞ እንደ ወትሮው የእንጨት ሥራ ክፍሉን ወክዬ በኢንተርኔት ስብሰባው ለመካፈል ስልኬን ስነካ፣ «መጠበቂያ ክፍል ውስጥ ነዎት፤ ሰብሳቢው እስኪያስገባዎት ይጠብቁ» የሚል፣ ከዚያ በፊት አይቼው የማላውቀው ጽሑፍ ወጣ። እኔም ኮቴን ቆልፌ፣ ፀጉሬ ላይ የነበረውን ሰጋቱራ አራግፌ፣ ከመጋዙ ራቅ ብዬ ግድግዳ ተደግፌ ጠበቅሁ። ስብሰባው ተጀመረ፤ ስብሰባው አለቀ፤ እኔ ግን አሁንም እየጠበቅሁ ነበር። ስልኩ ቀድሞ የባለቤቴ ስለነበረ ስሜ «የቤቱ እመቤት» ተብሎ እንደሚወጣና እርስዎም የማያውቋትን ሴት ለማስገባት እንዳመነቱ የተረዳሁት ኋላ ነው። ጨዋነትዎን አደንቃለሁ። ቅሬታዬ ሌላ ነው፤ ይህን ያህል ሰው የሚያስቆም ክፍል አንድ በርጩማ እንኳ የለውም። ወንበር ሠርቶ ለሚኖር ድርጅት ይህ ትንሽ አያሳፍርም? ከፈቀዱልኝ ከቁርጥራጭ እንጨት አንድ አግዳሚ እሠራለሁ፤ ወደ ስልኩ የሚገባበትን መንገድ እርስዎ ይፈልጉለታል።

ይህ አንደኛው ነው። ሁለተኛው ቅሬታ ሳይሆን ምስጋና ነው።

ከጥቂት ሳምንታት በፊት «የስብሰባ ሊንክ ለማንም አሳልፎ መስጠት በጥብቅ የተከለከለ ነው» ብለው ራስዎ ጽፈው በሠራተኞች ግሩፕ የላኩትን ማሳሰቢያ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እንደሚያውቁት እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ የረገጥኩት ዴስክ ለመጠገን ብቻ ነው፤ ማንበብም የለመድኩት ሚስማር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ነው። ስለዚህ ጥሩ ሆኖ የተጻፈ ነገር ሳገኝ ለብቻዬ መያዝ አልችልም። በቤተሰባችን ግሩፕ ውስጥ የምክር ላኪነቱን ሥልጣን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ማንም አልሾመኝም፤ ያወረደኝም የለም። ስለ ጨው ጉዳት፣ ስለ ጋዝ ሲሊንደር፣ ስልክ ደውለው ስለሚያጭበረብሩ ሌቦች ሳልልክ የዋልኩበት ቀን የለም። ዘመዶቼም አንዱንም ሳያነቡ ሁልጊዜ የአውራ ጣት ምልክት ይልኩልኛል።

የእርስዎንም ማሳሰቢያ «ወገኖቼ፣ ይሄን ሳታነቡ እንዳትተኙ» የሚል ከራሴ ጨምሬ ላክሁላቸው። ከግርጌው፣ አሳልፈን መስጠት የሌለብን ሊንክ የትኛው እንደሆነ እንዳይጠፋን ብለው መሰለኝ፣ ሊንኩን ራሱን አስቀምጠውልን ነበር። ለዓመታት ምክሬን አንድም ቀን ከፍቶ የማያውቅ ዘመድ ሁሉ «የተከለከለ» የሚለውን ቃል ሲያይ ከፈተው።

ማሳሰቢያዎን ተከትሎ በመጣው ሰኞ፣ መጠበቂያ ክፍሉ ገና ሳይኖር፣ የሆነውን እርስዎም ስለነበሩበት አላረዝምም። ሥራ አስኪያጃችን ስለ ፎርማይካ ዋጋ እየተናገሩ ሳለ ስክሪኑ በሰው ተሞላ። የሚስቴ ወንድም ስልኩን ወደ ጣሪያው አዙሮ ጢሙን ይላጫል። ታላቅ እህቴ የሒሳብ ሹማችንን ትክ ብላ አይታ፣ «አንተ ልጅ፣ ምነው እንዲህ ከሳህ? ቤትህ የሚያበስልልህ የለም?» አለች። አክስቴ ደግሞ የሁላችሁንም ፊት አንድ በአንድ ካየች በኋላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ማን ሞቶባችሁ ነው?» ብላ ጠየቀች። እውነቱን ለመናገር ያን ቀን ካየሁት ፊት አንጻር ጥያቄዋ ተገቢ ነበር። እኔ ምን አደረግሁ ይሉ ይሆናል። ስልኬን መሳቢያ ውስጥ ከትቼ ዘጋሁት። ድምፃቸው ግን ከመሳቢያው ውስጥም ይሰማ ነበር።

ሦስተኛው ዋናው ነው፤ እዚህ ላይ ቀልዴን ትንሽ እቀንሳለሁ።

እርስዎ ያዘጋጁት ሪፖርት ነገሩን «ከውጭ የተቀነባበረ የተራቀቀ የሰርጎ ገቦች ጥቃት» ብሎታል። አክስቴ ይህን ስትሰማ ቀና ብላ መራመድ ጀምራለች፤ ስለ ክብሩ በቤተሰቡ ስም አመሰግናለሁ። ችግሩ ሪፖርቱ «ከውስጥ ተባባሪ ሳይኖር ይህ አይሆንም» ብሎ ጣቱን በጸሐፊያችን ላይ መቀሰሩ ነው፤ ሊንኩን በየሳምንቱ የምታዘጋጀው እሷ ናት በሚል ብቻ። ከጠረጴዛዋ ተነስታ መጋዘን ውስጥ ማጠፊያ ስትለይ ትውላለች፤ ኮንትራቷ ይታደስ አይታደስ የሚለውም ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሪፖርትዎ ከተነበበ በኋላ ይወሰናል። ልጇን ብቻዋን የምታሳድግ ሴት ናት። በየሰኞው «አጎቴ፣ ድምፅዎን ይክፈቱ… አሁን ደግሞ ይዝጉ፤ መጋዙ ይሰማል» እያለች እኔን ከሰው ተራ ያስገባችኝ እሷ ናት። ያን ማሳሰቢያ አልጻፈችም፤ አልላከችም፤ አላባዛችም።

ይህን ልነግርዎ ሁለት ጊዜ ቢሮዎ ድረስ መጥቻለሁ። በመጀመሪያው ቀን ወንበር ጋብዘውኝ፣ እያዘኑልኝ «አጎቴ፣ አይጨነቁ፤ ይሄ ከእርስዎ አቅም በላይ ነው» አሉኝ። በሁለተኛው ቀን ማስረጃ እንዲሆነኝ ስልኬን ልከፍትልዎ ስሞክር የእጅ ባትሪው በርቶ ፊትዎ ላይ ስላበራሁ ጉዳዬን እንዳበላሸሁት አምናለሁ። ክቡር ሆይ፣ በዕድሜዬ ብዙ ነገር ተጠርጥሬያለሁ፤ ጥፋቴን ተሸክሜ እየዞርኩ የሚቀበለኝ ሳጣ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ይህን ጥፋት ለመፈጸም ዕውቀት አላስፈለገኝም፤ አለማወቅ ብቻ በቂ ነበር፤ እሱን ደግሞ በዚህ ግቢ ውስጥ ከእኔ በላይ ያካበተ የለም። ስለዚህ ጥፋተኝነቴ በይፋ ታውቆልኝ፣ የሚገባኝ ቅጣት ሳይሸራረፍ እንዲሰጠኝና ጸሐፊዋ ወደ ጠረጴዛዋ እንድትመለስ በአክብሮት አመለክታለሁ። ደብዳቤውንም ምሳ ሰዓት ላይ በሠራተኞች ምግብ ቤት በር እለጥፈዋለሁ፤ ወረቀት ሊንክ ስለሌለው ደንብዎን የሚጥስ አይመስለኝም።

አራተኛ፣ ከዛሬው ስብሰባ በፊት ሪፖርቱ ውስጥ ቢያንስ «የተራቀቀ» የሚለው ቃል

ይቅርታ፣ የወርክሾፑ በር እየተንኳኳ ነው። እዚህ የሚመጣ ሰው አንኳኩቶ አያውቅም፤ ፈርሜ ልነሳ።

ሊገለጽ ከሚችለው በላይ በሆነ አክብሮት፣ ባርኔጣዬን አውልቄ፣ ወገቤ እስከፈቀደልኝ ድረስ ዝቅ ብዬ፣

አጥፊው
(እርስዎን ጨምሮ ሁሉም «አጎቴ» የሚለኝ፣ የእንጨት ሥራ ክፍል)

ከፊርማ በኋላ የተጨመረ፦

በሩ ላይ የቆሙት ጫማቸውን የወለወሉ፣ ስልካቸውን በመሐረብ የጠቀለሉ አንዲት አረጋዊት ናቸው። ዘበኛው መጀመሪያ ወዳገኘው ክፍት ክፍል ልኳቸው ነው። «የኔ ወንድም፣ ልጄ ዛሬ ትልቅ ንግግር አለው፤ እማዬ፣ በዚህ ግቢና ስናገር እዪኝ ብሎ ላከልኝ። ስልኩ ግን ከጠዋት ጀምሮ ጠብቂ ጠብቂ ይለኛል። ምን አስቀይሜው ይሆን?» አሉኝ። ተቀብዬ አየሁት፤ የዘጠኝ ሰዓቱ ስብሰባ ሊንክ ነው። ጸሐፊዋ መጋዘን ከገባች በኋላ የተዘጋጀ፣ ከእርስዎ በቀር ማንም ያልነካው።

ክቡር ሆይ፣ አልፈርድብዎትም። እናቴ በሕይወት ብትኖር እኔም የምናገር ቀን ሁለት ጊዜ እልክላት ነበር። እንዳስቀየሙዎት ሳይሆን እንደኮሩባቸው ነግሬያቸው ዓይናቸውን ጠርገዋል። ደረጃው ስለሚያስቸግራቸው ጸሐፊዋን ከመጋዘን አስጠርቼ ክንዳቸውን ይዛ እርስዎ ሪፖርቱን ወደሚያነቡበት ክፍል እንድታደርሳቸው ለምኛታለሁ፤ አሁን ተያይዘው እየወጡ ነው፤ እናትዎ ከወዲሁ «ልጄ» ይሏታል። ሁለቱም ጎን ለጎን ተቀምጠው ይጠብቁዎታል። ሪፖርቱን አንድም ቃል ሳያስቀሩ ያንብቡላቸው፤ «የውስጥ ተባባሪ» የሚለው ጋ ሲደርሱ ግን ድምፅዎን ከፍ ያድርጉ፤ እናትዎ አንደኛው ጆሯቸው አይሰማም።